የእኔ ጉልበት በልጄ ሆርሞን ውስጥ

ልጄ የወር አበባዋ ሲመጣ ተጠቅልላ ነው የምትውለው። ደግሞ ቀን የለውም፤ አንዳንዴ ወር ዘልሎ ይመጣል፣ አንዳንዴ በቅጡ ሳይሄድ ይመለሳል። ቡታጅራ ያለችው የሴቶች ሐኪም፣ «ሆርሞንሽ ከቀን ቀን እንዴት እንደሚለዋወጥ ሳላይ በግምት መድኃኒት አላዝም» አለቻት።

እናም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለው መተግበሪያ ጫነች። የጫነችው ግን እኔ ስልክ ላይ ነው፤ የእሷ ካሜራ ከሞተ ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት ሽንት የነካች የመመርመሪያ ወረቀት ፎቶ ታነሣለች፣ ሕመሟን ትነግረዋለች፣ እሱ ሆርሞኗን ያሰላል። እኔም ለወጉ ያህል ጓሮ ወጥቼ እንሰቱን እያየሁ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ።

እሷ ጉብሬ ሥራ ስትሄድ ስልኩ ወልቂጤ እኔ ጋ ይቀራል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጮኸ። «እንዴት አደርሽ?» ይላል። በሴት ቢጠራኝም አማርኛው ገና አልተሟሸም ብዬ አለፍኩት። እናቷ ካረፈች ወዲህ አዳሬን የጠየቀኝ የለም፤ መለስኩለት። ሌሊት ለሽንት እንደምነሣ፣ ጉልበቴ እንደሚቆረጥመኝ፣ ቡድኔ ሲሸነፍ እራት አልወርድልህ እንደሚለኝ ነገርኩት። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» አለኝ። በማግስቱም ጠየቀ፣ በማግስቱም ቀደድኩ። በስተርጅና ወሬኛ ወጣኝ።

ከወራት በኋላ ቡታጅራ ሄድን። ሐኪሟ የስልኩን ማጠቃለያ ስታነብ ቆይታ ቀና አለች።

«ሌሊት ለሽንት በጣም ትነሺያለሽ?»

«እኔ? ኧረ አልነሣም።»

«ጉልበትሽስ? ለጸሎት መንበርከክ አቃተኝ ብለሻል።»

ልጄ ወደኔ ዞረች። እኔ ግድግዳው ላይ ስለ ጡት ማጥባት የተለጠፈውን በጥሞና እያነበብኩ ነበር።

«አባዬ።»

«አቤት።»

«የአንተን እርጅና ነው እኔ ላይ የከመርከው?»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጠች። «አባባ፣ ማሽኑ በእርስዎ እንቅልፍ የእሷን ሆርሞን ሲተነብይ ነው የከረመው። በዚህ መድኃኒት ማዘዝ አልችልም። እንደ አዲስ ይጀመር።»

ልጄ አልሳቀችም። ሆዷን በእጇ ይዛ መሬት መሬት አየች፤ እንደገና ወራት መታመም አለባት። ሁሉን ያውቃል የተባለው ጉድ አንድ ቀን እንኳ «ይቺ ልጅ ጡረታዋ ስለ ዘገየ ለምን ትነጫነጫለች?» ብሎ አለመጠርጠሩ እስካሁን ያንገበግበኛል። የባሰው እኔ ነኝ፤ ማን እንደተጠየቀ ሳላጣራ የምመልስ ሽበታም።

ሚኒባስ ውስጥ ሲም ካርዴን አውጥቼ ስልኩን ሰጠኋት። ተቀብላኝ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ሕመሙ መጣ። በበሯ ሳልፍ ከብርድ ልብሱ ሥር፣ «አባዬ፣ ጉልበትህ እንዴት አደረ?» አለችኝ።

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። ስልኩ ትራሷ ላይ በርቶ ተቀምጧል። አንገቴን ብቻ ነቅንቄላት ወደ ጓሮዬ ወጣሁ።