እናቴን «የግል ወጪ» ያሉብኝ ዕለት

ዛሬ ግብር ላስታውቅ በሄድኩበት ቢሮ እናቴ ብድግ ብላ «ልትቀጥሪኝ?» ስትለኝ፣ ወረፋው በሙሉ ወደ እኛ ዞረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁስቋም ሰፈር ትንሽ የልብስ ሱቅ አለችኝ። ግብሩ ቀለል ቢልልኝ የእናቴን የዓይን ሞራ ላስገፍፍላት አስቤ ነበር። እናም መካነ ብርሃን ላሉት አጎቴ ለአያ ታከለ «የማስተዳድረው ቤተሰብ በተቆጠረልኝ!» ብዬ በስልክ አማረርኩ።

ወገኖቼ፣ ለእኛ ዘመድ እንዲህ ተብሎ አይማረርም። እናቴን ይዘው ሊቆጠሩልኝ በአውቶቡስ መጡ!

አያ ታከለ ጋቢያቸውን አስተካክለው የግብር ቢሮው ሠራተኛ ፊት ቆሙ። «ልጄ፣ የምታኖረን ይቺ ሸጋ ልጅ ናት። ይኸው እኛው ቀርበናል።»

«አባቴ፣ ሕጉ ቤተሰብ አይቆጥርም። የሚቀነሰው የሱቅ ኪራይ፣ የተቀጣሪ ደመወዝ፣ እንዲህ ያለው ነው።»

«የሱቄ ጥበቃ ደመወዝ ይቀነሳል፣ የእናቴ ቀለብ አይቀነስም?» አልኩ ደሜ ፈልቶ።

«እሱ የሥራ ወጪ ነው፣ እህቴ። እናትሽ የግል ወጪ ናቸው።»

አያ ታከለ መላ አላጡም። «ምነው ታዲያ አትቀጥሪያትም!»

እናቴ ብድግ ያለችው ይሄኔ ነው። «ልትቀጥሪኝ? በመጀመሪያ አንቺን ያሳደግሁበትን ውዝፍ ደመወዝ ክፈይኛ!»

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግብሬን ሳላስቀንስ ከፈልኩ፤ የዓይኗም ነገር ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

ስንወጣ ደረጃው አልታይ ብሏት ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

እናንተስ፣ ሕጉ የማይቆጥራቸውን እነማንን ታኖራላችሁ? እስኪ ስማቸውን ከታች ጻፉልኝ፤ እዚህ እንኳ ይቆጠሩ።