ደሟ ሳይመሰክር

ታላቅ ወንድሜን አላህ ጀነት ያግባው። ሰው ሲታማም ከብት ሲጠረጠርም «ቆይ፣ ሳይጣራ አትፍረዱ» ይል ነበር።

ዐረብ አገር፣ ከየመን ድንበር ወዲህ ባይሽ በምትባል ከተማ ከብት ስንጠብቅ፣ ከወደ የመን መድፉ እያጓራ፣ ለዒድ የታረደው ወይፈን ሥጋው ውስጥ የኮሶ ትል ፍሬ ተገኘ። አሠሪያችን ደነገጠ። «ኸላስ፣ አበቃ! አብራው የጋጠችውም ላም ታርዳ ትቃጠል» አለ።

ወንድሜ ገመዷን ጨብጦ፣ «ደሟ ሳይመሰክርማ አትነካም!» አለ።

አሠሪያችን እሺ ብሎ ያስጠራው የከብት ሐኪም ካንገቷ ደም ቀድቶ አስመረመረ። ሲመለስ፣ «የትሉ ምልክት ደሟ ውስጥ የለም» አለን።

«ያ ሼኽ፣ ካንተም ከኔም ይልቅ ንጹሕ ናት!» አለው ወንድሜ ለአሠሪያችን። እሱም ሳቀ።

ዛሬ ወንድሜ ይደገፈው የነበረው የበረት በር ባዶውን ቆሟል። ውስጡን ግን የዚያች ላም ጥጆች ሞልተውት ይጋፋሉ፤ ባየኋቸው ቁጥር እልል እላለሁ።