«ጉቶውን አሳየኝ»

ይህ የሆነው ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው፤ በትክክል አላስታውስም። ቀኑን ብረሳውም ሐፍረቱን አልረሳሁትም። ዛሬም የቤቴን በር በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ብቻዬንም ያስቀኛል።

ያኔ አቃቂ አንድ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። እዚያው አቃቂ፣ በሰቃ የሚባለው ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ሠርቼ፣ በርና መስኮት ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ቤቱን የሠራሁት ለሰናይት ነው። ሰናይት የጋሽ በየነ ልጅ ናት። ጋሽ በየነ ዕድሜያቸውን በሙሉ የምድር ባቡር አናጢ ሆነው የኖሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ግቢያቸው ውስጥ በርና ቁም ሳጥን የሚሠሩ ሰው ነበሩ።

ሽማግሌ ላክሁ። ጋሽ በየነ በክብር ተቀብለው እንዲህ ብለው መለሷቸው፦ «ልጄ የምትገባበትን ቤት በር የምሠራው እኔ ነኝ። እንጨቱን ግን እሱ ይምረጥ። እንጨቱን አይቼ መልሴን እሰጣለሁ።»

«ይቺማ ቀላል ናት!» አልኩ። የሞኝ ነገር።

በዚያ ሰሞን ጠባቂ ያጣ ደን ይጨፈጨፍ ነበር። እንጨቱ በጭነት መኪና ቃሊቲ ይገባል፤ ርካሽነቱ ደግሞ አይጣል ነው። እኔም ከአንድ ሹፌር ወፍራም ወፍራም የዋንዛ ጣውላ ገዝቼ፣ በጋሪ አስጭኜ፣ ደረቴን ነፍቼ ጋሽ በየነ ግቢ አራገፍኩ።

እሳቸው ግን ምንም አልደነቃቸውም። ጣውላውን በእጃቸው ጀርባ ነካ ነካ አደረጉት፤ አሸተቱት። ከዚያ ልክ የሙሽራ ዘር እንደሚቆጠር ይጠይቁኝ ጀመር።

«አገሩ የት ነው? ማን ቆረጠው? በምትኩስ ምን ተተከለ?»

ከመኪና ላይ ገዛሁት ብል ምን ነበረበት? አላልኩም። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «አጎቴ ግቢ የነበረ ዛፍ ነው ጋሼ። እሱ ነው የሰጠኝ» አልኩ።

«አጎትህ የት ነው ያለው?»

ሩቅ አገር ልጥራ ብዬ፣ «መተሐራ» አልኳቸው።

አንዴ ጣውላውን፣ አንዴ እኔን አዩ። «ደግ። እንግዲያው ጉቶውን አሳየኝ» አሉ። «ዛፉ የቆመበትን ሳላይ ለልጄ በር አልሠራም። ቅዳሜ በባቡር አብረን እንሄዳለን።»

ክው አልኩ። ለካ ባቡር ለእሳቸው እንደ ጓሯቸው ነው! የባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ነፃ መሳፈሪያ አላቸው። እኔ ጅሉ፣ ከአገሩ ሁሉ መርጬ ሐዲድ ላይ ያለ ከተማ ጠራሁ።

እስከ ቅዳሜ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። መተሐራ አጎት ቀርቶ የማውቀው ሰው የለኝም። አንድ ጓደኛዬ «ታመምኩ በል» አለኝ። እኔም አጎቴ አገር ለቋል ልበል እያልኩ አስብ ነበር። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔው ግን እያደር ከበደኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አቃቂ ጣቢያ ቀድሜ ደረስኩ። ጋሽ በየነ የክት ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው መጡ። በሁለት እጃቸው ሁለት የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዘዋል። በየቆርቆሮው አንዳንድ ችግኝ አለ።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ዋንዛ ነዋ። ሰውየው ለልጄ በር ብሎ ዛፉን ከቆረጠ፣ ባዶ እጄን ልሂድ? ጉቶው አጠገብ እንተክልለታለን።»

የምገባበት ጠፋኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የባቡሩ ጡሩንባ ከሩቅ ሲሰማ አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። አጎት የለኝም። እንጨቱን ከመኪና ላይ ነው የገዛሁት፤ ከየት እንደተቆረጠም አላውቅም።»

ሰናይት ከእጄ ስትወጣ ታየኝ። ባቡሩ መጣ፤ ሰው አውርዶ፣ ሰው ጭኖ ሄደ። ጋሽ በየነ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ ባቡሩን በዓይናቸው ሸኙት። በመጨረሻ አንዱን ቆርቆሮ አቀበሉኝና «ያዝ። ቤትህ አካፋ አለ?» አሉኝ።

ሁለቱንም ግቢዬ ውስጥ ተከልናቸው። «እነዚህ ጸድቀው ክረምትና በጋ ሲያልፍባቸው፣ ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ» አሉኝ። ከዚያ «ና፣ ምሳ እንብላ» ብለው ቤታቸው ወሰዱኝ። ምሳው ለሁለት ሰው ተሰናድቶ ተከድኖ ነበር። ያኔ ልብ አላልኩትም።

በሩ ከባሕር ዛፍ እንዲሠራ ተስማማን። «ከተከለው ገበሬ ላይ እንገዛለን፤ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል» አሉ። «ይጣመማል ብለው የሚያሙት ማድረቅ የማያውቁ ናቸው።» ጣውላውን ጥላ ሥር ደርድረው፣ በየመሐሉ ቀጫጭን እንጨት አስገብተው፣ ከላይ ድንጋይ ጭነው ዓመት ሙሉ አደረቁት። ያ የእኔ ጉደኛ ዋንዛ ደግሞ እርጥብ ነበርና ተሰነጣጠቀ፤ የበግ ጉረኖ አጠርንበት።

እኔ በየማለዳው ችግኝ አጠጣለሁ። ሰናይት በአጥር በኩል ስታልፍ «ዛሬስ ስንት ቅጠል ሆነ?» እያለች ትስቅብኛለች። አቤት፣ ያ ዓመት እንዴት ይጣፍጥ ነበር! አንዱ ችግኝ ደረቀ፣ አንዱ ጸደቀ። ጋሽ በየነ መጥተው አዩትና «አንዱም ይበቃል» ብለው ልጃቸውን ሰጡኝ።

እሳቸው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። የዚያ ባቡር ድምፅም ከአቃቂ ጠፍቷል። በሩ ግን እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም፤ ዋንዛውም ጣሪያዬን አልፎ ሄዷል።

የአርባቸው ዕለት፣ ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ፣ ሰናይት እዚያው ዋንዛ ሥር ተቀምጣ አንድ ነገር ነገረችኝ።

«ያን ቅዳሜ እማዬ ስንቅ ልትቋጥርላቸው ስትል አባባ ምን አሉ መሰለህ? ‹ተዪው፤ ከጣቢያ አናልፍም። መተሐራ ያለው ግራር ነው፣ የምን ዋንዛ! ይልቅ የሁለት ሰው ምሳ አስቀምጪ።›»

ቀብራቸው ላይ ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩ። ውሸቴን ገና ከአፌ ሲወጣ አውቀውታል። እንደምናዘዝ ግን እኔ ራሴ ሳላውቅ፣ እሳቸው አምነውኝ ምሳዬን አስቀምጠውልኝ ነበር።