ባቡሩን ማን ያስቆመዋል?

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ፣ በአክስቴ ሻይ ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት አንድም ቀን ደንበኛ ፊት ቆሜ «ምን ልታዘዝ?» ብዬ አላውቅም። ከፊት ሆና የምትታዘዘው አክስቴ ናት። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ፓስቲ እጠብሳለሁ፤ ሻዩንም በመጋረጃው ጫፍ እጄን ብቻ አውጥቼ አቀብላለሁ። ከሾፌሮቹ መካከል እጄን እንጂ ፊቴን የማያውቁ ነበሩ። «ያቺ እጅ ዛሬ እንዴት አደረች?» እያሉ አክስቴን ያስቋታል። እኔም ከኋላ ሆኜ አፌን በነጠላዬ አፍኜ እስቃለሁ። ቡሬ ሳይደረስ ካለው ገጠራችን ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ወደ እሷ ስመጣም እንዲሁ ዓይነ አፋር ነበርኩ።

አክስቴ አታፍርም፤ ችግሯ ድምፅ ነው። እንቅርቷን በቀዶ ጥገና ካስወጣች ወዲህ ድምጿ ከሹክሹክታ ብዙም አያልፍም። ስትቆጣ እንኳ ምሥጢር የምትነግር ነው የምትመስለው።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ሾፌር ፖስታ አመጣላት። የላከው ድሬዳዋ ውስጥ በባቡር ጥገና የሚሠራው ልጇ ነው። ያን ጊዜ አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ገና ይመላለስ ነበር። አክስቴ ፊደል ስላልቆጠረች ፖስታውን ለእኔ አቀበለችኝ። ከፍቼ ባየው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው፤ የሠራተኛ ቤተሰብ በነጻ የሚሄድበት ፓስ። ለእናቱና አብሯት ለሚሄድ አንድ ሰው፣ ለአሥራ አምስት ቀን፣ በመንገዱ ላይ በፈለጉበት እየወረዱ እንደገና መሳፈር ይችላሉ ይላል።

«እስኪ ድገሚው» አለች አክስቴ። «የፈለግንበት መውረድ ነው ያለው?»

«የፈለጋችሁበት።»

«ወርደንስ?»

«የምታዩትን አይታችሁ፣ በሌላ ቀን በሚመጣው ትሳፈራላችሁ።»

«ሳንከፍል?»

«ሳትከፍሉ።»

አክስቴ እሳቱ አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ አለች። «ሰው ሲሳፈር እያየሁ ነው ጠጉሬ የሸበተው» አለች። «ስንቱን ሻይ አጠጥቼ ሸኘሁ! አሁን ተራው የእኔ ነው። አብራኝ የምትሄደውም አንቺ ነሽ።»

ያን ቀን ስንት ሻይ ላይ በስኳር ፈንታ ጨው እንደ ጨመርኩ አላውቅም። አንዱ ሾፌር ቀምሶ፣ «እጇ ምን ነካት ዛሬ?» አለ። አክስቴም፣ «ባቡር ነካት» አለችው።

ዕቅዱ የወጣው በሰፌድ ላይ ነው። አክስቴ ካርታ ስለማይገባት፣ እኔ የድሮ የትምህርት ቤት መጽሐፌን እያየሁ ከተሞቹን በእህል ደረደርኩላት። አዲስ አበባ አንድ ጭብጥ ባቄላ ሆነ። ደብረ ዘይት ሽምብራ፣ ሞጆ ምስር፣ ናዝሬት በቆሎ፣ አዋሽ አተር። ድሬዳዋ ልጇ ያለበት ነውና ከቋቱ ውስጥ ያማረውን ባቄላ መርጣ ራሷ አስቀመጠችው። ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ሳይበዛ ሰፌዱን በመጋረጃው ሥር መካከላችን አድርገን፣ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን እንከራከራለን። እሷ ደብረ ዘይት ሐይቅ አለ ሲባል ሰምታ፣ እዚያ ሁለት ቀን ካላደርን አለች። እኔ አዋሽ ድልድዩን ማየት እፈልጋለሁ። ውሎ አድሮ ሾፌሮቹም ገቡበት።

«አዋሽ ሙቀቱ አይጣል ነው፤ በማታ እለፉት» ይላል አንዱ።

«በማታ አልፈው ምን ሊያዩ ነው? ጨለማውን?» ይላል ሌላው፤ አተሩን አንሥቶ ወደ ወዲህ ያስጠጋዋል።

«አተር አትንካ! ከተማ በእጅህ ትገፋለህ?» ትላለች አክስቴ በዚያ በተዘጋ ድምጿ።

አንድ ቀን የጎረቤት ዶሮ ዘው ብላ ናዝሬትን ዋጠቻት። አክስቴ ማማሰያ ይዛ እስከ አስፋልቱ አባረረቻት። ስትመለስ፣ «እኛ ሳናያት እሷ በላቻት!» አለች። ሾፌሮቹ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ሳቁ። ቅዳሜ ከናዝሬት ውጭ፣ እሑድ ከናዝሬት ጋር፣ እንዲህ እያልን ስንቱን ዓይነት ጉዞ ሄድን! ሌሊት ሳይቀር በሕልሜ ሰፌድ ላይ እሮጥ ነበር።

የቀረው አባቴን ማስፈቀድ ነው። በአንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተሳፍረን ወደ ገጠር ሄድን። ማንኩሳን እንዳለፍን አክስቴ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«መውረጃችን ዋርካው ጋ ስንደርስ ጠሪዋ አንቺ ነሽ። ለባቡሩ እንለማመድ።»

የእኛ አገር አውቶቡስ መንገድ ላይ የሚቆመው «ወራጅ አለ!» ብሎ የሚጮህ ሲኖር ነው። ካልጮኹ ያልፋል። እኔም እሷም ባቡር አይተን አናውቅም፤ ግን ባቡርም እንዲሁ መሆኑን አልተጠራጠርንም። እንዲያውም ርዝመቱን ሾፌሮቹ ሲነግሩን፣ ከኋላው ተቀምጦ ከፊት ላለው ሾፌር ለማሰማት ምን ያህል ጉሮሮ ያስፈልግ ይሆን እያልን ነበር የምንጨነቀው። አክስቴ ድምፅ የላትም። ስለዚህ ባቡሩን የማስቆመው እኔ ነኝ።

ዋርካው ከሩቅ ታየኝ። ቀረበ። አፌን ከፈትኩ። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ነው፤ ሁሉም ዞሮ የሚያየኝ መሰለኝ። «ወ…» አልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ «ወይ፣ ልጄ?» አሉኝ። ዋርካው በመስኮቱ አለፈ። እኔም አፌን ዘጋሁ። ቡሬ መናኸሪያ ገብተን ከሰው ሁሉ ጋር ወረድን።

ያን ሁሉ መንገድ በፀሐይ በእግራችን ተመለስን። ጥቂት እንደ ሄድን የአክስቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ስትስቅ ነው።

«ባቡር ቢሆን ኖሮ'ኮ ጅቡቲ ገብተን ነበር! ባሕሩ ውስጥ!»

እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «የኔ ልጅ፣ አትቀየሚኝ። በርበሬ ነጋዴዋን ነው ይዤ የምሄደው።»

በርበሬ ነጋዴዋ ከሻይ ቤቱ ጎን የምትነግድ ጎረቤታችን ናት። እሷ ገበያ ውስጥ «ኑ ግዙ!» ስትል ደምበጫ ያለ ሰው ዋጋ ይጠይቃል ይባልላታል። ምን ልበል? «እሺ እቴቴ» አልኩ። አዋሽም፣ ድልድዩም፣ ደብረ ዘይትም በአንድ ጊዜ ከሰፌዱ ተራገፉ።

ማታ አክስቴ ጉዞዋን ለአባቴ ነገረችው። አባቴ ታላቋ ነው።

«ማን ሞተ?» አለ አባቴ።

«ኧረ ማንም አልሞተ፣ ወንድም ጋሼ።»

«ማን አገባ?»

«ማንም። ልጄን ልጠይቅ ነው።»

«ደግ። ጥየቃ ያባት ነው። ይኸ መሐል መሐሉ ላይ መውረዱስ?»

«ልናይ።»

«ምን?»

«ከተማውን ነዋ።»

«ከተማው ምን ሆኗል?»

«ምንም አልሆነ! ደኅና ሆኖ ልናየው ነው እንጂ ካልታመመ አይጠየቅም እንዴ?»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ወደ እኔም አገጩን ቀስሮ፣ «ይችስ?» አለ። አክስቴ የአውቶቡሱን ነገር ነገረችው። እሱ ግን ደስ አለው። «ልጄ ጨዋ ናት። መንገድ ላይ አትጮህም» አለ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሲመሰገኑ ደስ ይላል። ያን ማታ ግን በጨዋነቴ ተናደድኩ።

ገና ጎሕ ሲቀድ እንስራ ይዤ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ማንም የለም። ማዶ ገደሉ፣ ወዲህ የታጨደው ማሳ። እንስራውን አስቀመጥኩና ቀስ ብዬ፣ «ወራጅ አለ» አልኩ። አንዲት ወፍ እንኳ አልተነሣችም። ጨመርኩ። ደግሜ ጨመርኩ። ገደሉ መለሰልኝ፤ «…ጅ አለ!» ይላል። ደስ አለኝ! ዓይኔን ጨፍኜ ያን ረጅም ባቡር አሰብኩ፤ ሾፌሩን ከሩቅ ጫፍ አስቀመጥኩት፤ ከሆዴ ጥግ አውጥቼ፣

«ወራ-ጅ አለ-ኧ-ኧ!»

በእኛ አገር በማለዳ ጩኸት ከተሰማ ሰው «ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ ዱላውን ይዞ ይሮጣል። መጠየቁ ከደረሰ በኋላ ነው። ይህን እያወቅሁ እንዴት እንደ ረሳሁት እንጃ! ዓይኔን ስገልጥ ከዳገቱ ሰው እየጎረፈ ነው። ዱላ የያዘ፣ ማጭድ የያዘ፣ አንድ ሽማግሌ ጠብመንጃቸውን ከእነ ጨርቁ ይዘው፣ ቄሱ መቋሚያቸውን እንደ ጦር ሰብቀው፣ ውሾች ከፊት። አባቴ ጋቢው ወልቆ፣ አክስቴ ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላው።

«የት ገባ?» አሉ ባለ ጠብመንጃው።

«ማን?»

«ጅቡ ነዋ!»

«ጅብ የለም፣ አባባ።»

«ሌባ ነው?»

«የለም። እኔ… ወራጅ አለ እያልኩ ነው።»

ሁሉም ዞር ዞር ብለው አዩ። መኪና የለም። መንገድም የለም።

«ከምን ልትወርጂ ነው፣ ልጄ?» አሉ ቄሱ እየተነፈሱ።

«ከባቡር።»

ባለ ጠብመንጃው ሽማግሌ ወንዙን ወደ ላይም ወደ ታችም አዩት። ያኔ አክስቴ ፈነዳች። ድምፅ የሌለው ሳቅ ይዟት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አባቴ ሊቆጣ ነበር፤ አፉን ከፈተ፤ ጢሙ ተንቀጠቀጠበት፤ ሊይዘው አልቻለም። ከዚያማ ሰው ሁሉ በዱላው ተደግፎ ሳቀ። ማጭድ የያዘ አንድ ጎልማሳ፣ «እኔም እዚሁ ወራጅ ነኝ!» ብሎ ከድንጋዩ ላይ ዘለለ።

«በይ ውሰጂያት» አለ አባቴ ለአክስቴ፣ ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ። «ይህን ጉሮሮ ይዛ እዚህ ከሰነበተች አገር ታሸብራለች።»

ፍኖተ ሰላም የተመለስኩት እየበረርኩ ነው። ሰፌዱ እንደገና ተሞላ። ደስታዬ ግን ስልክ ቤት ሄደን ለአክስቴ ልጅ የምንመጣበትን ቀን እስክንነግረው ድረስ ነበር። የወራጁን ነገር ስትነግረው ልጁ በስልኩ ውስጥ ሲስቅ እኔ ድረስ ይሰማል።

«እማዬ፣ ባቡር'ኮ ጣቢያ ላይ ራሱ ይቆማል! ማንም አይጮህም!»

አክስቴ ወሬ አታሳድርም። ሻይ ቤት እንደ ገባን ለደንበኛው ሁሉ ተናገረችው። በርበሬ ነጋዴዋም እዚያው ሻይ ትጠጣ ነበር።

«እሰይ!» አለች፤ ብርጭቆዎቹ ተንቃጨሉ። «ጩኸት ካላስፈለገ ልጅቷስ ለምን ታስፈልጋለች? ወደ ገጠር ሳትሄዱ፣ ልጅቷ መጮህ ካቃታት እኔን ልትወስጂ ቃል ገብተሽልኛል። ዳቦ ቆሎዬን አስቆልቼ፣ ጫማዬን አስጠግኜ ነው የተቀመጥኩት።»

«እውነቷን ነው» አለ አንድ ሾፌር። «ቃል ቃል ነው።»

«ልጅቷ ገና ናት፤ ሌላ ጊዜ ትሄዳለች» አለ ሌላው።

አክስቴ ወደ ነጋዴዋ አየች። ወደ መጋረጃው አየች። ጎረቤት ማስቀየም ይከብዳታል፤ አውቃለሁ። እኔ ከኋላ ፓስቲ እየገለበጥኩ ነበር። አሁን ዝም ካልኩ አክስቴ «እሺ» ልትል ነው፤ ነጋዴዋ ታመሰግናለች፤ ሾፌሮቹ ሻያቸውን ይጠጣሉ፤ በዚያው ያልቃል። የመሳፈሪያው ቀን ሲደርስ እኔም በመጋረጃው ጫፍ ሻይ አቀብዬ እሸኛቸዋለሁ። ጭልፋውን እንደ ያዝኩ መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

«የምሄደው እኔ ነኝ» አልኩ።

አልጮኽኩም። መጮህም አላስፈለገኝም፤ ሁሉም ብርጭቆውን እንደ ያዘ ወደ እኔ ዞሯል። ከጭልፋው ዘይት መሬት ላይ ይንጠባጠባል።

«እትዬ፣ እርስዎ አዲስ አበባንም ናዝሬትንም በበርበሬ ንግድ አይተዋል» አልኳት ነጋዴዋን። «እኔ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ሌላ አላየሁም። ባቡር ላስቆም ብዬ አይደለም የፈለግሁት። ለማየት ነው።»

ፊቴ እንደ ምድጃው ጋለ። ነጋዴዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«አፍ አላት እንዴ ይች ልጅ?» አለች። «ዳቦ ቆሎዬንስ ምን ላድርገው?»

«ለመንገድ ይሆነናል፣ እትዬ» አልኩ።

«ስንቄንም ልትወስጂ!» ብላ ያን ሳቋን ለቀቀችው፤ መናኸሪያው ድረስ ተሰማ። አክስቴ ሰፌዱን አምጥታ ደንበኞቹ መካከል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ወንበር ሳበችልኝ። ተቀመጥኩ። ሾፌሮቹ ከበቡኝ።

«እሺ፣ የመጀመሪያ መውረጃሽ የት ነው?» አለ ከሁሉ ጎልማሳው።

ጣቴን ማንም ነክቷት በማያውቃት ምስር ላይ አሳረፍኩ። «ሞጆ።»

«ሞጆ ደግሞ ምን አለ?»

«እንጃ» አልኩ። «ስወርድ አየዋለሁ።»

ጭልፋው እጄ ላይ ነው፤ ከኋላ ፓስቲው እያረረ ይሸታል፤ ከአክስቴ ጀምሮ ግን ተነሥቶ ያየው የለም።