ውሃ የማይቆምበት ቦታ ፍለጋ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ባሕር ዳር

የተከራየሁበትን ግቢ አከራዬ ሲሚንቶ ሊያስነጥፉት ነው። እዚያው ግቢ ጥግ ላይ እናቴ አብራኝ ስትኖር በእጇ የተከለችው ጤና አዳም አለ። እሷ ካረፈች ወዲህ የቀረኝ እሱ ነው። ሆዱን የቆረጠው የሰፈር ሰው ሁሉ መጥቶ ይቀነጥሰዋል። አከራዬን «እስከ ሰኞ ይታገሡኝ» ብዬ ለመንኩና ከቅርንጫፉ ያባዛኋቸውን አሥራ ሁለት ችግኞች በየጣሳቸው ካርቶን ውስጥ ደርድሬ ተነሣሁ። የእናቴ ወንድም አጎቴ ታረቀኝ ፎገራ መሬት አላቸው። ዋናው ተክል አርጅቷልና ለመንቀል ፈራሁ፤ መጀመሪያ ለልጆቹ ቦታ ላግኝ አልኩ።

የሚኒባሱ ረዳት ለካርቶኑ የአንድ ሰው ሂሳብ አስከፈለኝ። ይሁን። ሽታው ግን ሌላ ጣጣ አመጣብኝ። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ «ጤና አዳም ነው? ከትናንት ጀምሮ ሆዴን ይቆርጠኛል» አሉና መልሴን ሳይጠብቁ ቀነጠሱ። ከኋላችን ያለውም ሰውዬ ወዲያው ሆዱን አመመው። ሐሙሲት ስንደርስ መኪናው በሙሉ ታማሚ ሆኗል። ወረታ ስወርድ የሁለት ችግኞች እንጨታቸው ብቻ ቀርቶ ነበር።

ረፋድ፣ ወረታ

ዘንቦ አባርቷል፤ መናኸሪያው ጭቃ ነው። አጎቴ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። በባጃጅ ወደ ቁሐር ሚካኤል አመራን። ግራና ቀኙ ሩዝ ነው፤ ሰዉ ውሃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ያርማል። ባጃጁ ጭቃ ሲይዘው ወርደን በእግራችን ቀጠልን።

«አጎቴ፣ ጤና አዳም ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ፀሐይ የሚያገኘው፣ ዝናቡ ወርዶ የሚያልፍበት ቦታ ነው የምፈልገው» አልኳቸው።

«ገባኝ፣ የእቴ ልጅ። አስቤበታለሁ።»

ቀትር፣ ቁሐር ሚካኤል

ያሰቡበት ቦታ የሩዝ ማሳቸው መካከል ኖሯል። ዶማውን አንድ ጊዜ ሲያሳርፉ ጉድጓዱ ወዲያው በውሃ ሞላ። ፈገግ አሉ።

«አየሽው? እስከ ጥቅምት አይደርቅም። ከመሬቴ ሁሉ ደህናው ይኼ ነው።»

«አጎቴ፣ ምን ነበር ያልኩዎት?»

«ሩዝ ያበቀለ መሬት ቅጠል ያቅተዋል? ደግሞስ ለእቴ መድኃኒት ጭንጫ ልስጥ?»

አልሰሜን ግባ በለው ማለት ይኼ ነው። እንደገና አስረዳሁ። «እንግዲያው የሰባውን ላሳይሽ» ብለው ወደ ከብቶቹ በረት ወሰዱኝ። ፍጉና ዝናቡ ተቀላቅሎ አንድ እግር ጫማዬን ዋጠው። በእጄ ፈልጌ ሳወጣው አንጀቴ አሮ ነበር። ክፉ ሰው ቢሆኑ ተናግሬ ይወጣልኝ ነበር። የሚያበግነኝ ካላቸው ሁሉ ደህና ደህናውን እየመረጡ መስጠታቸው ነው።

ባለቤታቸው እትዬ አንጓች ከደጃፍ ሆነው ያዩን ነበር። «የድሮውን ቤት ቦታ አላሳየሽም እንዴ?» አሉኝ።

አጎቴ ፊታቸውን አዞሩ። እናቴ የተወለደችበት ቤት ነው፤ ከወደቀ ቆይቷል። በዚህ አገር ቤት ሲሠራ ክረምት ውሃ እንዳይገባበት መሬቱ በድንጋይና በአፈር ከፍ ይደረጋል። ቤቱ ሄዶ ያ ጉብታ ቀርቷል። ወጣሁበት፣ ጫርኩት፤ አፈሩ ጠጠር የበዛበትና ልል ነው፤ የጠዋቱ ዝናብ ወርዶ አልፎለታል።

«እዚህ ነው» አልኩ።

«ፍርስራሽ ላይ? ሰው ምን ይለኛል? ‹ለእህቱ ልጅ የወደቀ ቤት ሰጣት› ይለኛል እኮ።»

«ይበል!» አልኳቸው።

እያጉረመረሙ ጉድጓዱን ቆፈሩልኝ። አሥራ ሁለቱንም ተከልን፤ ቅጠል የሌላቸውን ሁለቱንም ጭምር። እዚያው አድሬ በማለዳ ተነሣሁ።

እሑድ ከሰዓት፣ ቤት

የግቢዬን በር ስከፍት ጥጉ ላይ የአሸዋ ቁልል ተቀበለኝ። «አሸዋው ድንገት ተገኘና አስገለበጥኩት» አሉ አከራዬ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ተንበርክኬ በእጄ ዛቅሁት። የእናቴ ጤና አዳም ከሥሩ ተገንጥሏል። አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እንደዚያ ያለቀስኩት ከቀብሯ ወዲህ የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ስልኬ ጠራ። አጎቴ ናቸው።

«የእቴ ልጅ፣ በሰላም ገባሽ? ለመድኃኒቱ አታስቢ። ዛሬ ጠዋት ሁለት ጀሪካን አጠጥቼዋለሁ፤ ማታም እደግመዋለሁ።»

«በሐምሌ? ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል አላደረም?»

«አደረ እንጂ። ግን ቦታው ከፍ ያለ ነውና ውሃው አይቆምለትም፤ ጥሎት ይሄዳል። አዘንኩለት።»

ልጮህባቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ቦታ ስመርጥ አፈሩን፣ ፀሐዩንና ተዳፋቱን አይቻለሁ። የሚጠብቀው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ውስጥ የኖረ የሩዝ ገበሬ መሆኑን ግን አላሰብኩትም።

«አጎቴ፣ እዚህ ያለው ተሰብሯል። ከእናቴ የቀረኝ እርስዎ ዘንድ ያለው ብቻ ነው። እባክዎ ይተዉት።»

«ልተወውና ይሙት?» አሉ።

«ይተዉትና ይኑር።»

ስልኩን ሳይዘጉ እትዬ አንጓችን ሲጠሯቸው ሰማሁ።

«ነይ እስቲ፣ ይኼን ጀሪካን ወስደሽ ደብቂብኝ።»