ስለት ሰሚዋ ወይዘሮ

ብዙወርቅ ጠዋት ጠዋት ከስኪልደርስዋይክ ሰፈር በትራም መጥታ ወደምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ስትገባ፣ ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ ኮሪደሩ ላይ ለተሰቀለው የመነኩሲት ሥዕል እጅ ትነሳለች። ሥዕሉ የጥንት ነው። ሴትዮዋ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ነጭ ሻሽ እስከ አገጯ ጠምጥማ፣ መስቀል ይዛ እንባ ባቀረረ ዓይን ወደ ላይ ታያለች። ብዙወርቅ ከሥሩ የተጻፈውን አንብባው አታውቅም። መስቀል የያዘች ሴት ደግሞ ምን ማብራሪያ ያስፈልጋታል! የካቶሊክ ብትሆንስ፣ ጻድቅ ጻድቅ ነው ብላ ራሷን አሳምናለች።

ሳያት የምትባለው ልጇ ሮተርዳም ውስጥ ምጥ የጠናባት ዕለት፣ ብዙወርቅ ስልኩን ዘግታ ሥዕሉ ሥር ተንበረከከች። "ልጄን በሰላም ከገላገልሽልኝ ለደጅሽ ጥላ አስገባለሁ" ብላ ተሳለች። ሳይመሽ ሴት ልጅ ተወለደች። እንዲህ ያለች ስለት ሰሚ ከየት ትገኛለች! ብዙወርቅ ወርቀ ዘቦ ጥላ ከአዲስ አበባ አስመጣች።

ጉዱ የፈላው ሳያት ሕፃኗን ታቅፋ መጦሪያው የመጣች ቀን ነው። ብዙወርቅ "ያማለደችሽን ቅድስት ተሳለሚያት" ስትላት፣ ሳያት ጽሑፉን አነበበችና ሳቋ አመለጣት።

"ኧረ ኔ፣ ማማ! መነኩሴ አይደለችም እኮ። የአንድ መስፍን ሚስት ናት፤ ስሟ እንኳ አይታወቅም። የመነኩሴ ልብሱን ለሥዕሉ ብላ ነው የለበሰችው።"

"ለሥዕሉ ማለት?"

"በቃ፣ ያኔ ፋሽን ነበር መሰለኝ። ወይ ባሏ ሞቶባት ይሆናል። የጻፉትም ሰዎች አያውቁትም፣ 'ምናልባት' ነው የሚለው።"

ብዙወርቅ ዞረባት። ታዲያ ስለቱን ማን ሰማው? ጥላውን ለሌላ ብትሰጥ የተሳለችላትን መካድ ሆነባት። ለወይዘሮዋ እንዳትሰጥ ወይዘሮዋ ደጅ የላትም። ጭራሽ ሳይገባ ቢቀርስ? ሕፃኗን አየችና ፈራች። ከዚያ ወዲያ ሥዕሉን ሽቅብ እያየች "አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነክቶሽ ነው የለበስሽው?" ማለት ያዘች። አንድ ቀን አስመሳይ ትመስላታለች፤ ሌላ ቀን ደግሞ የጨነቃት። እንባ ያቀረረ ዓይን እንዴት ፋሽን ይባላል?

በመጨረሻ እሑድ ጥላውን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቀሲስ መሳይ ተቀበሏት። "ስለቱ በማን ስም ይነገር፣ እህቴ?"

"እኔ እንጃ፣ አባቴ። የተሳልኩላት ሴትዮ ጻድቅ አይደለችም አሉኝ። እሷ ራሷ የሚጸልይላት ሳታገኝ ቀርታ ይሆናል። ጥላውን ተቀብለው ለእሷ ይጸልዩላት።"

ቀሲስ ግራ ገብቷቸው አዩዋት። "የክርስትና ስሟስ?"

ብዙወርቅ አሰበች፣ አሰበች።

"የእኔን ይጥሩላት" አለች፤ "ወለተ ሥላሴ።"