ወደ አንድ ዓይኔ መልሺኝ

ፈረንሳዊቷ ማዳም «ፊትሽን ልሳለው» ስትለኝ የልቤ ምት ድልድዩን ተሻግሮ ባሕሬን ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። እኔ እኮ ፊቴን ደብቄ ነው የምኖረው። ዳማም፣ መዝሩዒያ ሰፈር ከሚገኘው ከካፊሌ፣ ከአሠሪዬ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ሰውዬው «ሁሩብ» ብሎ አስመዝግቦኛል፤ ጠፍታለች፣ ያያት ያስይዛት ማለት ነው። ስለዚህ ኾበር ውስጥ፣ አጥሩ ከሰማይ ትንሽ ዝቅ በሚል የፈረንጆች ግቢ፣ የሠዓሊዋን ቤት እየጠረግሁ፣ ብሩሿን እያጠብሁ ተቀምጫለሁ። ውጭ የመኪና በር በተዘጋ ቁጥር እኔ አልጋ ሥር ነኝ።

ብሩሽ ሳጥብላት በተሰባበረ ዐረብኛ ሕይወቷን ታወራኛለች። አባቷ በፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ የዓሣ አጥማጆችን ጀልባ የሚቀባ ሰው ነበር። እሷ በተረፈው ቀለም የጎረቤቱን ሁሉ ፊት ጣውላ ላይ ስትስል አደገች። ፓሪስ ሥዕል ትምህርት ቤት ስትገባ ግን መምህሯ «ፊትን ለፎቶ አንሺ ተይለት» አላት። ተወችው። ከዚያ ወዲያ ስንት ዘመን ሰው የሌለበት ሥዕል! ቀለም በቀለም ላይ፣ መስመር በመስመር ላይ። ባሏን ተከትላ ኾበር ስትመጣ ደግሞ ፀሐዩ ቀለሙን ሁሉ በላባት፤ ኮርኒሽ፣ ባሕሩ ዳር እየሄደች ሰማያዊ ብቻ ይዛ ትመለሳለች። አንዱን ሰማያዊ ከሌላው ለመለየት ጠንቋይ ያስፈልጋል።

«ማዳም፣ ይሄኛው ባሕሩ ነው ወይስ ከትናንቱ ሰማይ የተረፈ?» እላታለሁ። ትስቃለች። በዚያ ቤት እኔ የተናገርኩት ሁሉ ቀልድ ነው፤ የዓሣ ጭንቅላት አፍጥጦብኝ ከወጥ ቤት «ጠፋሁ!» ብዬ ስሮጥ እንኳ ስቃ አልጠገበችም።

አንድ ቀን ልብስ ስተኩስ ከጎኔ ሆና ስትስለኝ ኖሮ አሳየችኝ። አንድ ዓይን!

የቤተ ክርስቲያናችንን ግድግዳ ያየ ያውቃል፤ ጻድቅ ሁለት ዓይኑን ቁልጭ አድርጎ ፊት ለፊት ያያል። በጎን ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ሰይጣንና ይሁዳ ከነጭፍሮቻቸው ነው።

«ሌላው ዓይኔስ?»

«ወዲያ በኩል ነዋ!»

«ወዲያ ማፊ፣ የለም! እኔ ሰይጣን ነኝ እንዴ?»

አስረዳኋት። ሸራውን ፋቀችው። ከዚያ ነው «ፊትሽን ልሳለው» ያለችኝ፤ ሰይጣን ሆኜ ከምቀር ብዬ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ፤ እሷ ሰማያዊዋንም፣ ኮርኒሹንም፣ ምሳዋንም ረሳች። በመጨረሻ የሻይ ሰሐን የሚያካክሉ ሁለት ዓይኖች አፈጠጡብኝ። «ከልጅነቴ ወዲህ የመጀመሪያው ፊት ነው» ብላ እንባዋን በቀለማም እጇ ጠረገችው፤ ጉንጯ አረንጓዴ ሆነ። እኔም ኮራሁ። ኩራቴ ግን እስክትቀጥል እንኳ አልቆየም።

«ሥዕሎቼን እዚሁ ቤት ለሴቶች ላሳይ ነው። ከዳማም ይመጣሉ፤ ከሻጢእ ሰፈርም፣ ከመዝሩዒያም።»

መዝሩዒያ! የካፊሌ ሚስት፣ የቀድሞዋ ማዳሜ፣ ጣፋጭ የሚቀርብ ከሆነ ሌላ ከተማ፣ ሰይሃት ሆና እንኳ ሽታው የሚደርሳት ሴት ናት።

«ማዳም፣ በፈጠረሽ፣ ወደ አንድ ዓይኔ መልሺኝ!»

«ሰይጣን አይደለሁም አላልሽም?»

«ነኝ! ቀንድም ጨምሪበት። ሙሽኪላ አለ፣ ትልቅ ችግር፤ ሁሩብ ነኝ፣ ጠፍቼ ነው የመጣሁት።»

ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ባለፈው ከዓሣው ጭንቅላት ነበር የጠፋሽው፤ ዛሬ ደግሞ ከማን?»

የቀልደኛ ፍዳው ይሄ ነው፤ እውነቱን የሚናገርበት ቀን ሲመጣ ይሳቅለታል።

ሴቶቹ የመጡ ዕለት ብርጭቆ የደረደርኩበትን ትሪ እንደያዝኩ ወጥ ቤት ተደበቅሁ። የቀድሞዋን ማዳሜን ድምፅ ገና ከመግቢያው ለየሁት። በሩን ገርበብ አድርጌ በክፍተቱ አየሁ፤ በአንድ ዓይን። ይኸው፣ ሰይጣኑን ሆንኩት። ማዳሜ ባቅላባዋን እንደያዘች ሸራው ላይ ካለው ፊቴ ፊት ለፊት ተገትራለች። ጓደኛዋን ጠራቻት።

«ይቺ የጠፋችብኝን ሠራተኛ አትመስልም?»

«ለአንቺ ሐበሻ ሁሉ አንድ ነው!»

ማዳሜ ጠጋ አለች፤ አፍንጫዋ ሸራውን ሊነካ ምንም አልቀረው። የያዝኩት ትሪ ላይ ብርጭቆዎቹ መንጫጫት ጀመሩ። በደረቴ ተጭኜ ዝም አሰኘኋቸው።

«አይ» አለች በመጨረሻ። «ያቺ እንዲህ ያለ ዓይን አልነበራትም።»

እውነቷን ነው። በዚያ ቤት ዓይኔን ከወለሉ ያነሳሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሁሉም ሲወጡ ሠዓሊዋ እየሳቀች ገባችና ከበሩ ኋላ አገኘችኝ። ሳቋ ከፊቷ ረገፈ።

«የምርሽን ነበር እንዴ?»

ትሪውን መሬት አስቀመጥኩ። ተመልሳ ሄዳ ሥዕሉን አወረደች፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳ አዞረችው።

«ኸላስ፣ አለቀ፤ ሄደዋል» አለችኝ።

«መኪናዋ ከግቢው ወጥቷል?»

በመስኮት አየች። «ወጥቷል።»

እጄ ከበሩ እጀታ አልላቀቅ ብሏል።

«ደግመሽ እይልኝ።»